የዶርዜ ቤት ዝሆን ነው ወይስ ቅርጫት?

ስለ አገራችን የቤት አሠራር በሚነገርበትና በሚጻፍበት ጊዜ ሁሉ የዶርዜ ቤት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሲጠቀስም አብዛኛውን ጊዜ የሚባለው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቤቱ የዝሆን ራስ ይመስላል፤ ከበሩ በላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዐይኖቹ ናቸው፤ ወደ ፊት ወጣ ያለው የመግቢያው ክፍል ደግሞ ኩምቢው ነው የሚል ነው። ለጎብኚ የሚነገረውም ታሪክ፣ ዱሮ በዚያ አገር ዝሆን ነበረ፤ ዝሆኑ ከጠፋ በኋላ ሕዝቡ መታሰቢያውን በቤቱ አቆመለት ይላል። ከዚህም የተነሣ «ተፈጥሮን የተከተለ የአገር ጥበብ» ለሚባለው ነገር የዶርዜ ቤት የመጀመሪያው ምስክር ሆኖ ይቀርባል። በቅርብ ዓመታት ይህ ንግግር ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ገበያ ገብቷል። የመዝናኛ ስፍራዎች፣ ሆቴሎችና የቤት ዕቃ ሠሪዎች «ከተፈጥሮና ከአባቶቻችን ጥበብ የተቀዳ» እያሉ የሚያቀርቡልን ሥራ በዝቷል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምር ያሰብሁት ያንን ሥራ ነው። ተፈጥሮን መከተል ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተደባለቁ ይነገራሉ። አንደኛው መልክን መምሰል ነው፤ ሕንፃው አበባ፣ ዛጎል ወይም አውሬ እንዲመስል ማድረግ። ሁለተኛው የመሥሪያውን ዕቃ ጠባይ ዐውቆ፣ ይኸውም የት እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚሰነጠቅ፣ ምን እንደሚበላው፣ መቼ እንደሚቆረጥ ተረድቶ፣ በዚያው ጠባይ መሥራት ነው። የአገራችን ባለ እጆች የበረቱት በሁለተኛው ሲሆን፣ በእነርሱ ስም ዛሬ የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ቤቱን ራሱን ማየት ያስፈልጋል።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አጠገብ ያለ አገር ነው። ብርድ፣ ጉምና ዝናብ የበዛበት ሲሆን የቤቱ መሥሪያ ዕቃ ደጋው የሚያበቅላቸው ቀርከሃና እንሰት ናቸው። በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ አማርኛም በየስማቸው ለይቷቸዋል። በደጋ የሚበቅለውና ውስጡ ባዶ የሆነው ቀርከሃ ሲባል፣ በቆላ የሚበቅለውና ውስጡ ድፍን የሆነው ሽመል ይባላል። ድፍኑ ለዱላና ለቋሚ ጥሩ ነው። ባዶው ግን ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቃል፣ ይታጠፋል፣ እንደ ክርም ይታዘዛል። የዶርዜ ሰው በሸማ ሥራ የታወቀ መሆኑን ስናስብ፣ ቤቱንም በሽመና መሥራቱ አያስገርምም።

ሠሪው ቀርከሃውን ሰንጥቆ፣ ስንጥቁን በክብ በተተከሉት ቋሚዎች መካከል አንዱን በፊት አንዱን በኋላ እያሳለፈ፣ እየዞረ ከታች ወደ ላይ ይሸምነዋል። ከመሬት እስከ ጫፉ አንድ ሽመና ነው፤ ይህ ግድግዳ ነው፣ ይህ ጣራ ነው ተብሎ የሚለይ ድንበር የለውም። እንደ ጉራጌ ቤት መካከሉን የሚደግፍ ምሰሶም አያስፈልገውም። የታጠፈ ቀርከሃ ተመልሶ ቀጥ ለማለት ይታገላል፤ ያ ትግል ራሱ ሽመናውን አጥብቆ ይይዘዋል። አዲስ ቤት ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። በላዩ የሚለብሰው የእንሰት ቅጠል ወይም የቀርከሃው ግንድ በልጅነቱ የሚሸፈንበት ልባስ ነው። ቁልቁለቱ የበረታ ስለ ሆነ ዝናቡ ሳይቆይ ይወርዳል። ውስጥ የሚነደው እሳት ጢሱ በክዳኑ እየሾለከ ይወጣል፤ ሲወጣም ቀርከሃውን ያጠቁረዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የምስጡ ነገር ነው። ምስጥ መሬት ውስጥ የገባውን የቤቱን እግር ይበላል። በሌላ ስፍራ ይህ ለቤት ሞቱ ነው። በዶርዜ ግን የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል፤ በሩም እንደ ገና ከፍ ተደርጎ ይከፈታል። እንዲህ እያጠረ ቤቱ ሁለት ትውልድ ሊያገለግል ይችላል። ስለዚህ በአንድ መንደር ውስጥ የቤቶቹን ቁመት ብቻ አይቶ የትኛው ሽማግሌ፣ የትኛው ጎረምሳ እንደ ሆነ ለመገመት ይቻላል። ባለቤቱ ቦታ ለመለወጥ ቢፈልግም ቤቱ ከነመልኩ ከመሬት ይነሣና ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ይወስደዋል። እንግዲህ የአዲሱ ቤት ቁመት ለግርማ ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም፤ ከዚያ ቁመት ውስጥ ለምስጥ አስቀድሞ የተመደበ ድርሻ አለበት።

ይህን ሁሉ የተመለከተ ሰው ዝሆኑን የት ያገኘዋል? ዐይን የተባሉት ቀዳዳዎች ብርሃን ያስገባሉ፣ ጢስ ያስወጣሉ። ኩምቢ የተባለው ክፍል በሩን ከዝናብ ይጠብቃል፤ እንግዳም ይቀመጥበታል። ዝሆን ይመስላል መባሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ በእርግጥ ይመስላል፤ የአገሩም ሰው ይህን ተናግሮ ቢደሰትበት መብቱ ነው። ነገር ግን መምሰሉ ከሥራው በኋላ የመጣ ንግግር ነው እንጂ ሥራውን የመራ አሳብ ለመሆኑ በአሠራሩ ውስጥ አንድ ምልክት አላገኝም።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሌላ ምሳሌ በአገራችን አለ። በአክሱም ዘመን አሠራር ግድግዳውን የሚያስተሳስሩት አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ውጭ ቀርቶ ይታያል። እነዚህን ጫፎች ሕዝቡ «የዝንጀሮ ራስ» ብሎ ጠራቸው፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ይታያሉ። ነገር ግን ዝንጀሮን አስቦ እንጨቱን ያወጣ አናጢ ነበረ ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። እንጨቱ የወጣው ግድግዳውን እንዲይዝ ነው፤ ዝንጀሮውን ያመጣው የተመልካች ዐይን ነው። ስለ ዶርዜ ቤት ሲሆን ግን ይህን ያህል ግልጽ የሆነውን ነገር እንረሳዋለን።

ጁዲት ኦልምስቴድ የተባለች አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ዶርዜ ቤት በጻፈችው ጽሑፍ ቤቱን የቀርከሃ ቅርጫት ብላዋለች። እኔ ከሁሉ የተሻለ ስም ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ዝሆን የሚለው ስም ቤቱ ለሩቅ ተመልካች ምን እንደሚመስል ሲነግረን፣ ቅርጫት የሚለው ግን እንዴት እንደ ተሠራ ይነግረናል። በዚያው ዘመን ዶርዜ ተቀምጦ ያጠናው ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምልክት የሚባለው ነገር እንደ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱ ቁርጥ ያለ ፍቺ ያለው አይደለም ሲል ተከራክሯል። የእርሱ ክርክር ስለ ሌላ ነገር ቢሆንም፣ ዝሆን ማለት ይህ ነው፣ ኩምቢ ማለት ያ ነው እያሉ ለሚተረጉሙልን ሰዎች ቢያነቡት የማይጎዳቸው ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ሥራ እንለፍ። በመኪና መንገድ ዳርና በሐይቆች አጠገብ የዶርዜን ቤት መልክ ይዘው የተሠሩ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ካየኋቸው መካከል አንዳንዶቹ በብረትና በኮንክሪት የቆሙ ሲሆኑ፣ በላያቸው የቀርከሃ ምንጣፍ በምስማር ተመትቶባቸዋል። በዐይኖቹ መስተዋት ገብቷል፤ ስለዚህ ሙቀት እንጂ አየር አያስገቡም። ኩምቢው ረዝሟል፤ ከመርዘሙም የተነሣ ከቤቱ ይልቅ እርሱ ዋና ሆኗል። ምንጣፉ ጢስ የማያገኝ በመሆኑ ነቀዝ ይበላዋል፤ በየጊዜውም ይለወጣል። በጨንቻ ደጋ ብርድን ለመከላከል የተሠራውን ድፍን ቅርጽ ወደ ቆላ ሙቀት አውርዶ፣ ከዚያ በኋላ የአየር ማቀዝቀዣ መኪና መግጠም ተፈጥሮን መከተል ከተባለ፣ ተፈጥሮ የማይከተል ቤት የትኛው እንደ ሆነ አላውቅም።

በዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ሊቀርብብኝ ይችላል፤ እኔም ቀላል አድርጌ አላየውም። ይኸውም፣ የአንዱን ዕቃ መልክ ወደ ሌላው ማዛወር የአባቶቻችን ልማድ ነው የሚል ነው። የአክሱም ሐውልቶች በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ፎቅ ቤቶች ናቸው፤ በሩ፣ መስኮቱ፣ የዝንጀሮ ራሱ ሁሉ ከድንጋይ ነው። ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ ገና የቆመው 24 ሜትር ያህል የሚሆነው ሐውልት ለዚህ ምስክር ነው። በላሊበላም ቤተ አማኑኤል ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ ሳለ፣ በድንጋይና በእንጨት ድርብርብ የተገነባ እንዲመስል ተደርጓል። የአክሱም ጠራቢ እንጨትን በድንጋይ ካስመሰለ፣ የዛሬው መሐንዲስ ቀርከሃን በኮንክሪት ቢያስመስል ጥፋቱ ምንድን ነው?

የእኔ መልስ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሐውልቱ የመቃብር ምልክት ነው፤ ሰው አይገባበትም፣ አያድርበትም። የማይከፈት በር በመቃብር ላይ ትርጉም አለው፤ በእንግዳ ማረፊያ ላይ ግን አየር የማያስገባ መስኮት ጉድለት ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። የአክሱም ሐውልት ጠራቢ የሚያስመስለውን አሠራር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እንጨቱ በየት በኩል ጫፉን እንደሚያወጣ፣ ፎቅ ከፎቅ የሚለይበት አግዳሚ የት እንደሚያርፍ በድንጋዩ ላይ በሥርዓት አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ዛሬ የጠፉትን የአክሱም ቤቶች የሚያጠኑ ሰዎች ሐውልቱን እንደ ማስረጃ ይጠቀሙበታል። ከኮንክሪቱ የዶርዜ ቤት ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ስለ ቀርከሃ ሽመና አንዲት ነገር ሊማር አይችልም። የሚማረው ዝሆን ብቻ ነው።

የቤት ዕቃ ነገር ከሕንፃ ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ የሚጠይቀው ገንዘብ አነስተኛ ስለ ሆነ ስሕተቱም ቶሎ ይታረማል። በዚህ ረገድ ከሁሉ በፊት የሚነሣው የጅማ በርጩማ ነው። በርጩማው መቀመጫውና ሦስት እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተጠርበው የሚወጡ ሲሆን ምስማር፣ ሙጫ ወይም መጋጠሚያ የለውም። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ለዚህ መጀመሪያ የሚሸነፈው መጋጠሚያው ነው፤ መጋጠሚያ የሌለው ዕቃ ግን የሚላላበት ስፍራ የለውም። ሦስት እግር መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ባለ አራት እግር ወንበር ለመርጋት የተስተካከለ ወለል ይፈልጋል፤ ባለ ሦስት እግር በጭቃ ወለል ላይም በሜዳም ሳይወዛወዝ ይቆማል። መቀመጫው ጎድጎድ ማለቱ ደግሞ ለተቀማጩ ትራስ ሆኖለታል። ከበርጩማው ሌላ በጅማ ከፍ ያለ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮችም በዚሁ ዓይነት ከአንድ እንጨት ይጠረቡ ነበር።

ይሁን እንጂ በርጩማውን የሚያመሰግኑ ጸሐፊዎች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ከአንድ ግንድ የሚጠረብ በርጩማ ከግንዱ አብዛኛውን ክፍል ፍላጭ አድርጎ ይጥለዋል። ይህ አሠራር ዋንዛና ሌላው ትልልቅ ዛፍ በደጅ የሚገኝበት አገር ልጅ ነው። ዛሬ ዋንዛ ውድ ነው፤ ደኑም ሳስቷል። እንግዲህ «የአባቶችን ጥበብ እንከተል» ብለን በፋብሪካ መጠን ከአንድ ግንድ በርጩማ ብንጠርብ፣ ያ ጥበብ የተመሠረተበትን ደን እንጨርሰዋለን። ሦስቱን እግርና ጎድጓዳውን መቀመጫ እንያዝ፤ አንድ ግንድነቱን ግን ለሙዚየም ብንተው ጠራቢው ራሱ የሚቀየመን አይመስለኝም። እርሱም በዛሬው የእንጨት ዋጋ ቢሠራ ኖሮ መቆጠቡ አይቀርም ነበር።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በአዲስ አበባ አንዳንድ ቤቶች መሶብ በረጅም የሳሎን ወንበሮች መካከል ለጌጥ ቆሞ ይታያል። መሶብ ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የሚሰፋ ሲሆን፣ ማኅደርም ጠረጴዛም ነው፤ ቁመቱም የተለካው በበርጩማ ላይ ለተቀመጠ ሰው እጅ ነው። በሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው እንጀራ ለመቁረስ ከወገቡ ይጎነበሳል። ወንበሩን ከውጭ አምጥቶ መሶቡን ከአያት ወርሶ ሁለቱን ማስታረቅ የማይቻለው ለዚህ ነው። የሚገርመው፣ የአገር ልማድ የቤት ዕቃ እናወጣለን የሚሉት ሠሪዎች እስካሁን ይህን የቁመት ጉዳይ ሲያነሡ አለመስማቴ ነው፤ የሚያነሡት ሁልጊዜ የስፌቱን ቀለምና ጥለት ነው።

በከተማው መንገድ ዳር ስለሚሠሩት የቀርከሃ ወንበሮችም አንድ ቃል መናገር ይገባል። እነዚህ ሠራተኞች እጃቸው ፈጣን ነው፤ ዋጋቸውም ለድኻ የሚቀርብ ነው። ሥራቸው ግን የውጭ አገር ሶፋ በቀርከሃ የተቀዳ ነው፤ መጋጠሚያውም ምስማር ነው። ቀርከሃ ደግሞ ምስማር አይወድም፤ ሥሩ ሁሉ በቁመቱ የሚሄድ ስለ ሆነ ምስማር በገባበት ስፍራ ይሰነጠቃል። በሽመና፣ በጠፍርና በልጥ ማሰር የሚባለው ነገር የተገኘው ስለዚህ ነው። ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ለመጫን አልፈልግም፤ ገዢው ሶፋ ስጡኝ ይላል፣ ሠሪውም ይሰጠዋል። ነገር ግን የዶርዜን ቤት በኮንክሪት የሚቀዳው ሀብታምና ሶፋን በቀርከሃ የሚቀዳው ድኻ አንድ ዓይነት ነገር መሥራታቸውን ልብ እንበል፤ ሁለቱም የያዙትን ዕቃ ጠባይ አልጠየቁም።

ከዕቃው ወደ እጁ እንመለስ። ስለ አገር ጥበብ የሚጻፈው ምስጋና ሁሉ አንድ ነገር ይዘላል፤ ይኸውም ጥበቡ ሲመሰገን ጥበበኛው ሲሰደብ የኖረ መሆኑን ነው። ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ፉጋ ተብለው የሚጠሩትን የእንጨት ሠራተኞች ሁኔታ ገልጾታል። የጉራጌ ቤት ውበቱ መካከለኛው ምሰሶና ከምሰሶው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተዘረጉ ጣራውን የሚደግፉት እንጨቶች ናቸው፤ ይህን የሚያውቁትና የሚሠሩት ፉጋዎቹ ነበሩ። ነገር ግን ልማዱ መሬት እንዳይዙና ከሌላው ሰው ጋር እንዳይጋቡ ይከለክላቸው ነበር። በጋሞም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ወገን ተለይተው የሚኖሩ ነበሩ። በሰሜኑም ብረት ሠሪው ቡዳ ሲባል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል፤ አዋጁም ቢሆን ስድቡን ወዲያው አላጠፋውም።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍል ነበረን። መጋዝና መላጊያ ይዘን፣ በካርቶን ላይ ከተሳለ ሥዕል እየቀዳን አግዳሚ ወንበር እንሠራ ነበር፤ መምህሩም ደግና ትጉህ ሰው ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ጥቂት እርምጃ ርቀው ቅርጫትና አልጋ የሚሠሩ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ወደ ክፍላችን አልተጠሩም። አንዱን ሽማግሌ ለምን ቀርከሃውን ሲቆርጥ እንደሚመርጥ በጠየቅሁት ጊዜ፣ የልጁን ከሽማግሌው ካልለየህ ቤትህን ነቀዝ ይወርስሃል ብሎ መለሰልኝ። ሳይንሱም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀርከሃ ቁመቱን በአንድ ክረምት በጥቂት ወራት ይጨርሳል፤ ግንዱ የሚጠነክረው ግን ሦስት ዓመት ያህል ሲቆይ ነው፤ ለጋው በውስጡ ያለው ስታርች ነፍሳትን ይስባል። ይህ ዕውቀት ከሽማግሌው ጋር አጥር ውጭ የቀረ ዕውቀት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ግን የአገር ዕቃና የአገር እጅ ብቻ ከተገኘ ሁሉ ነገር ይቃናል ማለት አይቻልም። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በሉክሶር አጠገብ አዲሱን የጉርና መንደር በጭቃ ጡብ ሲሠራ፣ ጣራውን ያለ እንጨት ድጋፍ የሚገነቡትን የኑብያ ግንበኞች ከአስዋን በኩል አስመጥቶ ነበር። አሠራሩ ያማረ ነበረ፤ ርካሽም ነበረ። ይሁን እንጂ እንዲገቡበት የታሰቡት የጉርና ሰዎች አብዛኞቹ ለመግባት እምቢ አሉ፤ ኑሯቸውና ጥቅማቸው በቀድሞው ስፍራ ነበረና። የኑብያ ጥበብ ለጉርና ሰው የራሱ አልነበረም፤ የሁለቱም አገር ግብፅ መሆኑ ይህን አልለወጠውም። በእኛም አገር የዶርዜን ቤት «የኢትዮጵያ ቤት» ብለን ወደ አፋር ወይም ወደ አዲስ አበባ ብንወስደው የሚገጥመን ከዚህ የተለየ አይሆንም። በጠባብ የከተማ ቦታ፣ ኤሌክትሪክ በተዘረጋበትና እሳት ከቤት ወደ ቤት በሚተላለፍበት ሰፈር፣ ደረቅ ቀርከሃና የእንሰት ቅጠል የለበሰ ቤት ይሠራ የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

በከተማ ውስጥ ምን ሊደረግ እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ ሥራ ግን አለ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በአዲስ አበባ በመካኒሳ በኩል ያቋቋሙት ዞማ ቤተ መዘክር በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ይኸውም አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ ሲኖርበት የቆየው፣ እኛ ተማሪዎች ግን የድኽነት ምልክት አድርገን የምናፍርበት ምርጊት ነው። በዚያ ሥራ ላይ የሚነቀፍ ነገር የለም አልልም፤ በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ጌጥ በአንዳንድ ስፍራ በዝቶ ዐይንን ያደክማል፤ ጎብኚም ጌጡን ብቻ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ዋናው ነገር ግን ጌጡ ከምርጊቱ ከራሱ የወጣ መሆኑ ነው። ጭቃ ሳይደርቅ በጣት ይታዘዛል፤ እነርሱም በዚያ ታዛዥነቱ ተጠቀሙበት። ማንም የሌላ አገርን ቤት መልክ ወስዶ በላዩ አልለጠፈም። ሕንፃው ምን ይመስላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አጭር መልስ አያገኝም፤ ይህንንም እኔ ከምስጋናው እቆጥረዋለሁ።

ታዲያ በኮሌጃችን ያለን ተማሪዎች ምን ልንሠራ እንችላለን? ቤት ለመሥራት ገንዘብም ሥልጣንም የለንም፤ መለካትና መጻፍ ግን እንችላለን። በእረፍት ጊዜያችን ወደ ጨንቻ የምንወጣ ሁሉ ከፎቶግራፍ ይልቅ አንድ ቤት ከመነሻው እስከ ክዳኑ ሲሠራ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ብናገኝ ብዙ ይጠቅመናል። ቀርከሃው ስንት ዓመት የቆየ ነው? በየትኛው ወር ተቆረጠ? ስንጥቁ ስንት ጣት ይሰፋል? ሠሪው ማን ይባላል፣ ከማንስ ተማረ፣ ምን ይከፈለዋል? በአሁኑ ጊዜ ቆርቆሮ ክዳን በጋሞ ደጋም እየበዛ ነው፤ ባለቤቱን መውቀስ አይቻልም፤ ቆርቆሮ ቀርከሃ መቁረጥንም ጎረቤት መሰብሰብንም አይጠይቀውም። ስለዚህ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱ ሽማግሌዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ማነሱ አይቀርም።

የሥዕሉንም ነገር አደራ እላለሁ። እስካሁን በየመጽሐፉና በየፖስታ ካርዱ ያየናቸው የዶርዜ ቤት ሥዕሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከፊት የተነሡ ናቸው፤ ሁለቱ ቀዳዳዎችና ኩምቢው እንዲታዩ። የሚለካው ሰው ሥራውን ከቤቱ ጀርባ ቢጀምር መልካም ነው፤ በዚያ በኩል ዐይንም ኩምቢም የለም፤ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ጫፉ የሚወጣው የቤቱ አካል ብቻ ነው ያለው፤ ክዳኑ በሳሳበት ስፍራም የሽመናው አካሄድ ይታያል።